በርሜሉና ሰባት ሜትር ገመድ

መርካቶ ያለው ሲኒማ ራስ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፊልም ቤት ነው። እዚያ ያደግሁት እኔ ግን ሰፈሩን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሸክም ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ መሬት ላይ ያልተጫነና ያልተራገፈ ዕቃ ያለ አይመስለኝም። በርበሬው፣ ጤፉ፣ ጨዉ፣ ቡናው፣ ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ ሁሉ ከየአገሩ በመኪና ይመጣና ሲኒማ ራስ ዳር ይቆማል። ከመኪናው እስከ መጋዘን፣ ከመጋዘን እስከ ሱቅ፣ ከሱቅ እስከ አውቶቡስ ተራ ያለው መንገድ ደግሞ የሰው ድርሻ ነበር። መኪና የማይገባባቸው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያልፍባቸው መተላለፊያዎች ሞልተዋል።

በ1970ዎቹ ልጅ ነበርኩ። ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ከነተሳቢው መጥቶ ደጃችን ሲቆም ጫኝና አውራጆቹ ከየበረንዳው ይነሳሉ። ሁለቱ መኪናው ላይ ወጥተው ጆንያውን በሜንጦ ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ጠርዙ ያመጡታል። ሦስተኛው የታጠፈ ጆንያ ከማጅራቱ እስከ ትከሻው ጣል አድርጎ፣ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ጆንያው ሲያርፍበት ትንፋሹ በአፍንጫው እየወጣ ለአፍታ ደርቆ ይቆማል። ከዚያ የመጀመሪያዋን እርምጃ ይራመዳል። እኔን የምታስፈራኝ ያቺ እርምጃ ነበረች፤ ጉልበቱ እሺ ማለቱ ወይም እምቢ ማለቱ የሚታወቀው እሷ ላይ ነው። አንዴ ከተራመደ በኋላ መቆም አይሆንለትም። «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ በሩጫ ይሄዳል። የሚሮጠው ቀስ ካለ ክብደቱ ስለሚጥለው ነው።

ጆንያው አንድ ኩንታል ነው፤ 100 ኪሎ። ብዙዎቹ ተሸካሚዎች ራሳቸው 60 ኪሎ አይሞሉም ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁም ሆነ በጀርባው የሚያጓጉዘው ሸክም ከ55 ኪሎ ከበለጠ በፍጥነት ወደዚያ ልክ ዝቅ እንዲል መክሯል። ወደ ውጭ የሚላከው ቡናችን በ60 ኪሎ ጆንያ ነው የሚታሸገው። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ነው። የጤፉና የስንዴው ጆንያ ግን 100 ኪሎ ነበር፤ ዛሬም ድረስ እንዲሁ ተሞልቶ ሲወርድ አያለሁ። ይህ ልክ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ኩንታል ለሂሳብ ይመቻል፤ ለሰው ወገብ ተብሎ የተሰፈረ ግን አይደለም።

አባቴ ገመድ ነጋዴ ነበር። ቃጫ፣ ሲባጎ፣ ናይሎን፣ የጭነት ማሰሪያ ይሸጣል። ጠባቧ ሱቃችን ውስጥ ጥቅሉ ሁሉ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ይንጠለጠል ስለነበር ረጅም ሰው ሲገባ ጎንበስ ይላል። ከደንበኞቻችን መካከል ለአንድ ሥራ ከሁሉ ረጅም ገመድ የሚያስቆርጡት በርሜል ጫኞች ነበሩ። መኪናው ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ገመድ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው አባቴን ጠየቅሁት። «ሂድና ቆመህ እይ» አለኝ።

ሄጄ አየሁ። ዘይት የሞላ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል፤ ከነቆርቆሮው 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክብ ስለሆነም የሚጨበጥ ጆሮ የለውም። ሰዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለት ወፍራም አጣና ከመኪናው ጠርዝ ወደ መሬት አጋደሙ። እያንዳንዳቸው የገመዳቸውን አንድ ጫፍ መኪናው ላይ አሰሩና ገመዱን በአጣናው በኩል ወደ ታች ለቀቁት። በርሜሉን አጋድመው ገመዶቹ ላይ አመጡት፤ የቀረውን ገመድ በበርሜሉ ሆድ አዙረው ወደ ላይ መለሱት። ከዚያ ሁለቱም መኪናው ላይ ወጡና ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም መሳብ ጀመሩ። በርሜሉ እየተንከባለለ ሽቅብ መጣ። ሰዎቹ አላማጡም፤ እንዲያውም ስለ ምሳ ያወሩ ነበር።

የሆነውን በቁጥር ያሰላሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የመኪናው ወለል ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ከፍ ቢልና አጣናው 3 ሜትር ከ60 ቢረዝም፣ በአጣናው ላይ ለማውጣት የሚጠይቀው ጉልበት ቀጥ አድርጎ ከማንሳት ሲሶው ነው፤ 67 ኪሎ ገደማ። ገመዱ ደግሞ በበርሜሉ ሥር ዞሮ ስለተመለሰ በርሜሉ ራሱ የሚንቀሳቀስ መዘውር ሆኗል። በታሰረው ጫፍ በኩል ያለውን ግማሽ መኪናው ይይዝላቸዋል፤ ለሳቢዎቹ የሚቀረው 33 ኪሎ ነው። ለሁለት ሲካፈሉት ለአንድ ሰው 17 ኪሎ አይሞላም። ሰበቃው የሚበላው ጥቂት ተጨምሮበት አንድ ባልዲ ውሃ ከጉድጓድ እንደመሳብ ነው። በምትኩ በርሜሉ 3 ሜትር ከ60 እንዲወጣ እያንዳንዱ ሰው 7 ሜትር ከ20 ገመድ መሳብ አለበት። ረጅሙ ገመድ የሚቆረጠው ለዚህ ነበር።

ያየሁትን ለአባቴ ስነግረው ለእርሱ አዲስ አልነበረም። «በጉልበት የምታተርፈውን በገመድ ትከፍላለህ፤ በነፃ የሚሰጥህ የለም» አለኝ። ነጋዴ ነውና ነገሩን የሚያየው በሽያጭ ዓይን ነው። በኋላ ትምህርት ቤት መምህራችን ሥራ ማለት ኃይል በርቀት ሲባዛ ነው ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ኃይሉ ቢቀንስ ርቀቱ እንደሚጨምር ለማመን አልተቸገርኩም። ማንሻ፣ መዘውር፣ ተዳፋት፣ ሽብልቅ፣ ብሎን፣ ሽክርክሪትና ዘንግ ብሎ ስድስቱን ቀላል ማሽኖች ሲዘረዝርልንም ሁሉንም በየተራቸው አውቃቸው ነበር። የሲራኩሱ አርኪሜዲስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የማንሻን ሕግ በሂሳብ እንዳስቀመጠ የሰማሁት ያኔ ነው። አክብሬዋለሁ። ነገር ግን አጣናና ገመድ የያዙት ሁለቱ ሰዎችም በዚያው ዕለት ክብር ይገባቸው ነበር፤ ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም።

የሰፈራችንን ጀርባ ከሁሉ በላይ ያሳረፈው ጋሪ ነው። የፈረሱን ማለቴ አይደለም፤ ሰው የሚገፋውን ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ነው። ብረቱ ከምናለሽ ተራ ይለቀማል፤ የተሰበረ አልጋ፣ የመኪና ዘንግ፣ ያረጀ ጎማ። በያጁ እዚያው ይበይደዋል። አሠራሩን ልብ ብሎ ላየው ሰው ብዙ ዕውቀት አለበት። ዕቃው ሲደረደር ከባዱ ልክ ከዘንጉ በላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ያኔ ክብደቱን ጎማው ይይዘዋል፤ ለሰውየው የሚቀረው መግፋትና መምራት ነው። በጣም ወደ ፊት ከተጫነ ጋሪው በአፍጢሙ ይደፋል፤ ወደ ኋላ ከበዛ እጀታው ገፊውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ጥሩ ገፊ ዳገት ሊጀምር ሲል አንዱን ጆንያ በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ቦታ ያስለውጠዋል። ይህን ያስተማረው መጽሐፍ የለም።

እኛ ልጆች ደግሞ የተጣለ ኩሽኔታ ከጋራዥ ለምነን ከጣውላ ሥር አስገብተን ጋሪ እንሠራ ነበር። አስፋልት ላይ ሲሄድ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ጎረቤት ሁሉ ይረግመናል። አስፋልት ላይ የሚወዳደረው የለም፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን አንድ ክንድ እንኳ አይራመድም። ትንሿ ኩሽኔታ እያንዳንዷ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ የመኪና ጎማ የተገጠመለት ጋሪ ግን ጉድጓዱን ሳያውቀው ያልፋል። ጎማው ትልቅ፣ ዘንጉ ቀጭን ሲሆን ዘንጉ ላይ ያለውን ሰበቃ ማሸነፍ ይቀላል፤ ረጅም ማንሻ እንደያዙ ይቆጠራል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሚዛን ግን ታውቃለች። በርበሬ ልትገዛ ስትሄድ ዘንቢሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ነጋዴው ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን አንስቶ በአንዱ ድንጋዩን፣ በሌላው ዛላውን አድርጎ ቀጥ ሲያደርገው ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ እስቲ ድንጋዩን ከዚያ፣ በርበሬውን ከዚህ አድርግልኝ» ትላለች። ሐቀኛው ነጋዴ እየሳቀ ያዟዙርላታል። አንዳንዱ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ያኔ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ዕቃዋን ሳትወስድ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ፀብ አልነበረም።

ሚዛን ማንሻ ነው። አንዱ ክንዱ 20፣ ሌላው 21 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሚዛን በአጭሩ ክንድ በኩል ያለው ሳህን ትንሽ እንዲከብድ ከተደረገ ባዶውን ሲንጠለጠል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዓይን አያጋልጠውም። በርበሬው በረጅሙ ክንድ በኩል ሲሆን ግን ከኪሎው 50 ግራም ገደማ ጎድሎም የአንድ ኪሎውን ድንጋይ ያነሳል። ሲቀያየሩ ተንኮሉ ይገለበጣል፤ ክንዶቹ እኩል ከሆኑ የሚለወጥ ነገር የለም። እናቴ ይህን ከማን እንደተማረችው ሳልጠይቃት ቀረሁ። መርካቶ ውስጥ ብዙ እናቶች ያደርጉት ነበር።

ከስድስቱ ማሽኖች አንዱ ብሎን ነውና ስለ ክሪክም አጭር ነገር ልበል። የተጫነ መኪና ጎማው ሲፈነዳ ረዳቱ ሥሩ ገብቶ በብሎን የሚሠራውን ክሪክ ሲያዞር እጁን አያለሁ። እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ብሎኑ በአንድ ዙር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ፣ እጁ የዞረው መንገድ ብሎኑ ከወጣው 377 ጊዜ ይበልጣል። ከዚህ ትርፍ ከግማሽ በላዩን ሰበቃ ይወስደዋል። ያው ሰበቃ ነው ግን ረዳቱ እጀታውን ሲለቅ ብሎኑ ወደ ኋላ እንዳይዞር፣ መኪናው ሥሩ ባለው ልጅ ላይ እንዳይወርድ የሚይዘው። ጉልበት የሚወስደው ነገር ነፍስ ይጠብቃል።

በሲኒማ ቤቱ ጨለማ ውስጥ የሕንድ ፊልም ስናይ ከኋላችን የሚሰማው ትርትርታም ከዚሁ ወገን ነበር። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሁለቱም ጠርዙ ለእያንዳንዱ ምስል አራት አራት ቀዳዳ አለው። ጥርስ ያለው ሽክርክሪት ቀዳዳውን እየያዘ ይስበዋል፤ በሰከንድ 24 ምስል። ፊልሙ እያንዳንዱ ምስል ላይ ቆም እያለ ነው የሚያልፈው፤ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጎማ ሳያቋርጥ የሚዞረውን ዘንግ ወደ መሄድና መቆም ይለውጥለታል። ቀን ሲጭኑ የዋሉ ሰዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ገብተው አረፍ ሲሉ፣ ሲያለቅሱም አይቻለሁ። ሽክርክሪት ለእነርሱ ደስታም ሆኖላቸዋል።

ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ መድፉ ጉልበት ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው። ዋናው መድፍ ጋፋት ላይ የተሠራ ነው፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ይጠጋል፤ 70 ኩንታል ማለት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያጓጓዙት በሠረገላ ነው፤ ሰው በጠፍር እየጎተተው። የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ነበረበት። መድፉ ከመንቀሳቀሱ በፊት ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተደለደለ መንገድ ይሠራል፤ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ሲያነሱ ያዩዋቸው ጽፈዋል። ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወሰደ። ገደል ተቆርጦ የወጣ መንገድ ከመኪና ጠርዝ ከተጋደመው አጣና የሚለየው በርዝመቱ ብቻ ነው፤ ከፍታውን ለማሸነፍ ርቀት ይከፈላል። ያ ሕዝብ ስድስት ወር ከፈለ። መቅደላ ከወደቀ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም መድፉ እዚያው ተራራ ላይ ነው።

ጋሪውን ያመሰገንኩትን ያህል አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጀርባ ማረፉ እውነት ነው፤ ኪስ መሙላቱ ግን አጠያያቂ ነበር። በጀርባው ሲሸከም በኩንታል ይከፈለው የነበረ ሰው ጋሪ ሲይዝ በአንድ ጉዞ ሦስት አራት ኩንታል ይገፋል፤ ነጋዴው ይህን እንዳየ የአንዱን ኩንታል ዋጋ ዝቅ አደረገ። ጋሪው ደግሞ የራሱ አይደለም፤ በቀን ይከራየዋል። ሥራው ቀለለ፤ የቅለቱን ትርፍ የተካፈሉት ነጋዴውና የጋሪው ባለቤት ናቸው። ይህ ያኔም ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል። ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የሰፈራችን ተሸካሚ ግን በዚህ አልተስማሙም። «ጋሪ ብከራይ ይከፈላል፤ ወገብ የሚያከራየኝ ከየት አገኛለሁ?» ይሉ ነበር። እርሳቸው ወጣት ሳሉ አብረዋቸው የተሸከሙት አብዛኞቹ ቀና ብለው መሄድ አይችሉም ነበርና ቃላቸውን እቀበላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን መርካቶ ስሄድ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የድሮው የቆርቆሮ ሱቅ ፈርሶ በየቦታው ፎቅ ተተክቷል። ፎቁ መስታወት አለው፣ እብነ በረድ አለው፤ በሩ ላይ ግን ከደረጃ ሌላ መውጫ የለውም። ጋሪ ገፊው ዕቃውን እስከ በር ያደርስና ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያው የ1970ዎቹ አሸካከም ነው፤ ጎንበስ፣ ጆንያ በጀርባ፣ የመጀመሪያዋ እርምጃ። ያኔ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ አማራጭ አልነበረም። ዛሬ ግን አማራጭ የታጣው አንድ መሐንዲስ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ባለማስመሩ፣ አንድ ባለ ንብረት ዕቃ በምን እንደሚገባ ባለመጠየቁ ነው። ለአካል ጉዳተኛ ወንበርም፣ ለሕፃን ጋሪም፣ ለጆንያ ጋሪም የሚሆን አንድ ተዳፋት ከደረጃው ጎን ማፍሰስ ስንት ሲሚንቶ ይፈጃል? የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ይህን ጥያቄ እንዲጠይቅልኝ እፈልጋለሁ።

ከእነዚህ ፎቆች በአንዱ በር ላይ አንድ ወጣት ጋሪ ገፊ ሦስቱን ደረጃዎች የሚሸፍኑ ሁለት ጣውላዎች አሰናድቶ አየሁ። ከሥራቸው እንዳይንሸራተቱ ጫፋቸው ላይ ማዕዘን ብረት መትቶባቸዋል። ጋሪውን ከኋላው እየሳበ ዕቃውን መሬት ሳያወርድ ወደ ውስጥ አስገባ። ሌሎቹ ገፊዎችም ተራ እየጠበቁ ይጠቀሙባቸዋል። ማታ ዘበኛው ያነሳቸዋል፤ ጠዋት መልሶ ያመጣቸዋል። የጣውላዎቹን ርዝመት እንዴት እንደወሰነው ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ያመጣሁት ረጅም ነበር። ዘበኛው የእግረኛ መንገድ ዘጋህ አለኝ። እርሱ ዝም እስኪል ድረስ ቆረጥኩት።»

አንድ ሜትር ቢጨምሩልህ ምን ይለወጣል አልኩት። ጋሪውን ዘወር አድርጎ አሰበ።

«ሦስት ኩንታል የምገፋው አራት ይሆንልኛል፤ ወይ ደግሞ ሦስቱን ገፍቼ ማታ ወገቤን ሳላሽ እተኛለሁ» አለኝ።